የማን ሥጋ ልብላ?

ለዓመታት ትቼው የቆየሁትን ሥጋ መብላት መጀመሬን የሰማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ሐኪም አዞሽ ነው?» ብሎ ነው። አዎ ካልኩ ነገሩ እዚያው ያልቃል። «እሰይ፣ ከጤና የሚበልጥ የለም» ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ደሴ ላይ የቀረበለትን ምግብ እምቢ የሚል ሰው ምክንያት ይጠየቃል። የሚያስኬዱት ምክንያቶች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ጾም ነኝ ይባላል። ሐኪም ከልክሎኛል ይባላል። ስለት አለብኝም ያስኬዳል። «አልፈልግም» ግን ምክንያት ሆኖ አያውቅም። አልፈልግም ያለ ሰው ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ኮርቷል፣ ወይ አፍሮ ነው። ካፈረ መለመን አለበት። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ እየተባለ ጉርሻው አፉ ድረስ ይመጣል። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት «አልፈልግም» እያልኩ ነው የኖርኩት። ወደ ሥጋ ስመለስ ደግሞ እንደገና ምክንያት ተጠየቅኩ። ለመተውም ለመመለስም የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሐኪም በነገሩ ውስጥ የለችበትም አልልም። አንድ ክረምት የእግሬ ጣቶች እየደነዘዙ አስቸገሩኝ። ከፒያሳ ወደ ቤት ስመለስ ልቤ ይመታል። ደሴ ላይ ዳገት ያልሆነ መንገድ ስለሌለ በዳገቱ አሳበብኩ። ደሜ ሲመረመር ግን ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ወርዶ ተገኘ። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ውስጥ ነው፤ በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላል፣ በወተት። ጤፉም ምስሩም ጎመኑም አይሰጡትም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያጠራቅም ሰው ሥጋ ባቆመ ማግስት ምንም አይሰማውም። ጉድለቱ የሚታየው የተጠራቀመው ሲያልቅ ነው። እኔ ደግሞ ወተቱንም እንቁላሉንም ትቼ ነበር።

ብረትም ትንሽ ጎድሎኝ ነበር። ሐኪሟ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝና «ከምሳ በኋላ ወዲያው ቡና ትጠጫለሽ?» አለችኝ። ለወሎ ልጅ የሚቀርብ ጥያቄ ነው? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል ምሳ መች ያልቃል። ለካ ቡናና ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይሻሙታል። ሎሚና ቲማቲም ደግሞ ያግዙታል። ቡናውን ከምሳው ትንሽ አርቂው ተባልኩ። እማዬ ይህን ስነግራት ተናደደች። «ቡናውን ከከለከለችሽ ሥጋውን ብዪ አላለችሽም?»

አላለችኝም። መርፌ ወጋችኝ፣ ኪኒን ሰጠችኝ፣ ተሻለኝ። በኪኒኑ እየቀጠልኩ ሥጋ ሳልቀምስ መኖር እችል ነበር። ስለዚህ «ሐኪም አዞኝ ነው» ስል ሰዉ እንዲተወኝ ብዬ ነው። ትክክለኛው መልስ ረጅም ነው። አብዛኛውም ስለ ሥጋ አይደለም፤ ስለ ትሪ ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደተውኩት ልናገር። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ዐቢይ ጾምን ጾምኩ፣ ሃምሳ አምስቱንም ቀን። ፋሲካ መጣ፤ አልፈሰክሁም። ዶሮው ፊቴ ቀርቦ አላሰኘኝም። ነገ እበላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱም ወር። ሐሳቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የበዓል ሰሞን እግሩ ተጠፍሮ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የተጫነው በግ፣ በእግራቸው ተንጠልጥለው አስፋልት የሚሻገሩት ዶሮዎች፤ ድሮም የማያቸው ነገሮች አሁን ዓይኔን ይወጉኝ ጀመር። ኢንተርኔት ላይ እያነበብኩ ለራሴ ስም አገኘሁ። ቬጂቴሪያን ነኝ አልኩ።

ስሙ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት አልተሻገረም። ደሴ ስደርስ የመንደሩ ሴቶች የራሳቸውን ትርጓሜ ይዘው ጠበቁኝ። አንዷ «ልትመነኩስ ነው» አለች። አንዷ «ስለት ይኖርባታል፣ አትነዝንዟት» ብላ ተከላከለችልኝ። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ውቃቢ ከልክሏት ይሆናል» ማለቷን በኋላ ሰማሁ። እማዬ ግን ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ዘጋችው፦ «ፋሲካ የሌለው ጾም ምን ዓይነት ጾም ነው?»

እውነት ለመናገር ምግቡ አልከበደኝም። ሥጋ ሳይበሉ መኖር የሚያውቅ ሕዝብ ካለ እኛ ነን። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርቡን፣ ዐቢዩን፣ ነቢያቱን፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን ፍልሰታ ደምሮ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው ሁሉም ተዘጋጅቶ የቆየኝ ነው። ሌላው ዓለም ለዚህ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይገዛል።

የሚከብደው ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በዓለ ሃምሳ ሲገባ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። የጾም ምግብ ከከተማው ይጠፋል። ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አለ ወይ እላለሁ። አለ ይባላል። ቅቤ አለው ወይ ስል አስተናጋጁ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። «ፋሲካ እኮ ነው! ያለ ቅቤማ ምኑን ሽሮ ሆነ?» በየዓመቱ ያንን ወቅት በፓስታና በቲማቲም ስጎ ነው ያለፍኩት። እስከ ዛሬ ፓስታ አልወድም።

አሁን ወደ ትሪው።

ደሴ ላይ ሁለት ዓይነት ሉካንዳ አለ። አንዱ ላይ መስቀል ተስሏል፣ ሌላው ላይ ጨረቃና ኮከብ። በሬዎቹ ከአንድ ገበያ፣ ከአንድ ገበሬ እጅ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ያረደው ሰው በስመ አብ ካለ ሥጋው የክርስቲያን ይሆናል። ቢስሚላህ ካለ የሙስሊም ይሆናል። አንዱ የሌላውን አይበላም። ከዚያ በቀር ሁሉ ነገር የጋራ ነው፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ ዕድሩ፣ ለቅሶው። አሳማንማ ሁለቱም አይነኩም። ሰርግ ላይ ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፤ በድስቱም በሳህኑም እንዳይነካካ ለብቻ ያሠራል። ሙስሊሙም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ጨዋነት ነው፤ ያለ እሱ ወሎ ወሎ አይሆንም ነበር። ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ አብረው ሲስቁ የሚውሉ ሰዎች ሥጋ ሲቀርብ ተነስተው ሁለት ቦታ ይቀመጣሉ።

ይህ ክፍፍል እኛ ቤት ውስጥ ያልፋል። አክስቴ፣ የእማዬ ታናሽ እህት፣ ሙስሊም አግብታ ሰልማለች። ለውጭ ሰው ትልቅ ታሪክ ይመስላል፤ ለእኛ ሰፈር ወሬ እንኳ አይሆንም። እኛ የምንኖረው ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር፣ እሷ ሸዋ በር ነው። ልጅ ሳለን ለአረፋ ስንሄድ የእኛ ወጥ በትንሽ ድስት ለብቻው ይመጣል። ዶሮዋን ያረደው ጎረቤቷ የሆነ ክርስቲያን ሰውዬ ነው። የአክስቴ ልጆች በትልቁ ትሪ ዙሪያ ተኮልኩለው በግ ይበላሉ። እኔና ወንድሜ ጥግ ላይ እንደ ታማሚ ዶሯችንን እንበላለን። ዶሮ ከበግ እንደሚበልጥ ያኔ ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም ነበር። እኔ የፈለግኩት ግፊያውን ነው።

ሥጋ በተውኩ ጊዜ ያ ትንሽ ድስት ቀረ። ለአረፋ ስሄድ ማንም ማን ይረድላት ብሎ አልተጨነቀም። ትልቁ ትሪ ላይ ተቀመጥኩ። በእኔ በኩል ምስርና ጎመን ተደረገ፣ በእነሱ በኩል በጉ። ረመዳን ሲሆን ለማፍጠሪያ ሄጄ የምስር ሳምቡሳዬን ከአክስቴ ልጆች እሻማለሁ። መውሊድ ላይ መንዙማው ሲሰማ አድሬያለሁ። የማን ሥጋ ነው የሚለው ጥያቄ እኔን አይመለከተኝም። ያልጠበቅኩት ጥቅም ይህ ነበር። ስለ በጎቹ ብዬ የተውኩት ነገር ሁለቱም ቤት ሙሉ ወንበር ሰጠኝ።

ሥራ ቦታም እንዲሁ ነበር። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን በሐረጎ ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል። በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ከየቦታው የመጣ ሰው በዝቷል። ምሳ ሰዓት ላይ ስድስት ሰባት ሆነን እንወጣለን፤ ከሁለቱም ሃይማኖት። ሥጋ ቢታዘዝ የማን ቤት እንግባ የሚል ነገር ይመጣል። ደግነቱ እኔ አለሁ። «ለእሷ ሲባል በያይነት እንዘዝ» ይባላል፤ ሁላችንም በአንድ ትሪ እንበላለን። ሰዎቹ በእኔ እያሳበቡ አብረው መብላታቸው ይገባኝ ነበር። ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረውም።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ለግብር ማብያ ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ሳይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። ያን ሁሉ ሰው ሲያበሉ ሥጋውን እንዴት አድርገው ነበር? ሰውየው እኮ ሁለቱንም ማዕድ ያውቃሉ። እስከ 1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ከዚያ ነው ተጠምቀው ሚካኤል የሆኑት። ዘመድ አዝማዳቸው ሁሉ አብሯቸው በአንድ ቀን አልተሻገረም መቼም። አንዲት አክስት አጥተው ነው?

ይህን ወንበር ይዤ ብኖር ጥሩ ነበር። ሁለት ነገር አናጋው።

አንደኛው አያቴ ናቸው። እማማ ከነዝናዦቹ አንዷ አልነበሩም። ጉርሻ አያስገድዱኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ስለ እንስሳት ስቃይ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔ በሬ የሞተበት ሰው አይቻለሁ፣ በሬ እያለው የተወ ግን አንቺን ነው ያየሁ» አሉኝ። የ66ቱንም የ77ቱንም ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሴት ናቸው። ባቲና ቆሬም መጠለያ ውስጥ የቀሩ ዘመዶች አሏቸው። ድርቅ ሲመጣ አስቀድሞ ከብቱ ያልቃል፤ ሰዉ ቀጥሎ ነው። ለእሳቸው ሥጋ ማለት በረት ውስጥ ያለ ዋስትና ነው። ልትወደው ወይ ልትጠላው የምትችል ነገር አይደለም። ያን ቀን ተከራክሬያቸዋለሁ። ክርክሬ ስህተት ነበር ብዬም አላምንም። ግን ለሳቸው ነግሬ የማስረዳው ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

ሁለተኛው 2014 ነው። ገና በ2013 ክረምት ከራያና ከወልዲያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ገብቶ ትምህርት ቤቶቹ ሞልተው ነበር። የሰፈር ሴቶች ተሰብስበን እንጀራ እንጋግር ነበር። አንዲት እናት ለልጇ ወተት ፍለጋ ስትንከራተት እያየሁ ስለ ምርጫ ማሰብ አስቸገረኝ። በጥቅምት ጦርነቱ እኛም ጋ ደረሰ። ከተማዋ ተያዘች፤ እኛም በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ አድርገን ወደ ደቡብ ወጣን። መንገድ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው እንቁላል በዳቦ ሰጠኝ። በላሁት። ምን ውስጡ አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ስለዚያ ጊዜ ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ የደሴ ሰው ሁሉ የራሱ አለው። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ተለቀቀች፤ ተመለስን። እንቁላሉን ግን እንደበላሁ ቀጠልኩ።

ሥጋው የመጣው በማማሰያ ነው።

እማዬ ኮሮና ከያዛት ወዲህ ማሽተት አትችልም። ጣዕምም እንደ ድሮው አይደለም። ይህ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ለፋሲካ ዋዜማ ወጥ ሠርታ የምታውቅ ሴት ናት። በጾም ውስጥ ሆኖ ዶሮ የሚሠራ ሰው አይቀምስም። ሽንኩርቱ መብሰሉን፣ በርበሬው መቁላላቱን፣ ቅመሙ መድረሱን በማሽተት ነው የሚያውቀው። እማዬ ጨዉን እንኳ በእንፋሎቱ አውቃለሁ ትል ነበር፤ አምናት ነበር። አሁን ድስቱ ላይ አጎንብሳ ቆማ ምንም አይመጣላትም።

የሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አሥራ ሁለቱ ብልት ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ገብቷል። ቅመስልኝ የምትለው ወንድሜ የለም። በማማሰያው ቀድታ «እጅሽን» አለችኝ። መዳፌን ዘረጋሁ። ጠብ አደረገችልኝ። ላስኩት።

«ጨው ይቀረዋል» አልኳት።

ጨመረች። እንደገና መዳፌን ዘረጋሁ። ይሄኔ ሁለታችንም የሆነውን አውቀናል፤ ግን ወጡ እሳት ላይ ስለነበር ማንም ማንንም አላየም። ማታ ገበታው ሲቀርብ እማዬ ምንም ሳትል ፈረሰኛውን አንስታ እኔ በኩል አደረገችው። ፈረሰኛ የአባወራ ብልት ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ማን ይብላው ሲባል የሚያድር ነበር።

ጣፈጠኝ? በጣም። ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ከጤናውም ከጦርነቱም ይልቅ ያስቀጠለኝ ጣዕሙ ነው። ስለ በጉ የማስበው አልተለወጠም፤ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የታሰረውን በግ ዛሬም ማየት አልችልም። ሁለቱንም ይዤ ነው የምኖረው። የሚያስታርቅ ነገር አግኝቻለሁ ብዬ አላወራም።

የሆድ ነገር እንደፈራሁት አልከፋም። ሥጋ ለዓመታት የተወ ሰው ሆዱ ሥጋ መፍጨት ይረሳል የሚሉ አሉ። ፕሮቲን የሚፈጨው ኢንዛይም ሽሮና ምስር ስንበላም ሥራ ላይ ነው፤ የሚረሳ ነገር የለም። የሚያስቸግረው ቅባቱና ብዛቱ ነው። ለዚህ ደግሞ አገራችን መምህር ናት። በየፋሲካው ስንት ሚሊዮን ሰው በአንድ ሌሊት ወደ ሥጋ ይመለሳል! ተልባ በጥብጦ ቀድሞ የሚጠጣው ሆድ እንዲለሰልስ ነው። ያልሰማ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሆዱን ይዞ ሐኪም ቤት ይሰለፋል። እኔም በተልባ ጀመርኩ፣ በአልጫ ቀጠልኩ፣ ቀይ ወጥና ጥብስ ከዚያ ወዲያ መጡ።

ቁርጥ ግን አልበላሁም፤ አልበላምም። የቢሮ ልጆች «ብርንዶ ካልቀመስሽ ተመለስኩ አትበዪ» ይላሉ። የኮሶ ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። አባቶቻችን ለዚህ የኮሶ ዛፍ አበባ ነበራቸው፤ የጠጡት ሰዎች ስለ ምሬቱ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ይበቃኛል።

ሉካንዳ መግባት ሌላ ትምህርት ሆነብኝ። ባለ ሉካንዳው «ምን ልቁረጥልሽ?» ሲለኝ ሥጋ አልኩት። ሳቀ። ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ፍሪምባ፣ ጎድን፣ ወርች፤ ለጥብስ የሚሆነው ለወጥ አይሆንም፣ ለቅቅል የሚሆነው ለክትፎ። በእኔ ዕድሜ ያለች የደሴ ሴት ይህን አለማወቋ ገርሞት ጮማ ሊመርቅልኝ ፈለገ። ዋጋውን ስሰማ ደግሞ እኔ ገረመኝ። ያንን ሁሉ ዓመት ሳልገዛ የቆየሁት ገንዘብ የት እንደገባ አላውቅም።

ዶሮማ ሌላ ጣጣ አለው። ሴት አታርድም። ቤት ውስጥ ወንድ ከሌለ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን መለመን ነው። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ እማዬ ቢላዋና ዶሮ ይዛ ደጅ ትወጣለች። ከስም መለየት አይቻልም፤ የእኛ አገር ሰው የራሱ ስም ከአንዱ፣ የአባቱ ከሌላው ወገን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የያዘችውን ጎረምሳ በቀጥታ ትጠይቀዋለች፦ «ምን ብለህ ነው የምታርደው?» አንዱ «እንዳዘዙኝ» ብሏት አባራዋለች።

ነገር የመጣው ፋሲካ ላይ ነው።

አክስቴ በየፋሲካው እኛ ቤት ትመጣለች። እሷም ዶሮውን አትበላም፣ እኔም አልበላም ነበር። ስለዚህ ለሁለታችን ለብቻ ይቀርብልናል፤ ምስር፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ድፎ ዳቦ። ለእሷ ጠላውም ስለማይሆን እማዬ ብርዝ ትጥልላታለች። ሌላው ቤተሰብ በትልቁ ገበታ ሲንጫጫ እኔና እሷ የራሳችን ትሪና የራሳችን ወሬ ነበረን። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከዐረብ አገር እንደተመለሰ፣ ማን ማንን እንደካደ የምሰማው በዚያ ትሪ ላይ ነው። እሷ እኔን «ጓዴ» ትለኝ ነበር።

በሥጋ የመጀመሪያው ፋሲካዬ ላይ ስትመጣ ወሬው ቀድሟት ነበር። እማዬ ትሪውን አቀረበችላት። አክስቴ እጇን ታጠበችና እኔን አየችኝ። እኔ ትልቁ ገበታ ላይ ነበርኩ፣ በዶሮ የቀላ እጄን ይዤ።

«ጓዴ ከዳችኝ» አለች። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። ግን ብቻዋን በላች።

ያ ነገር አላስተኛኝም። ኮምቦልቻም እንዲሁ ሆነ። ጥብስ እንደምበላ ሲታወቅ የምሳ ቡድናችን በያይነት የሚያዝበት ሰበብ አጣ። የከፋ ነገር የተናገረ የለም። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ግን ሁለት ጠረጴዛ ሆንን፤ እኔም በጎሳው እንደሚመደብ ሰው ወደ አንዱ ተጠራሁ። አንዷ ባልደረባዬ «ወደ እነዚያ ሄድሽ» ያለችኝ በቀልድ ነው።

ለአረፋ አክስቴ ቤት ስሄድ ትንሿ ድስት ተመልሳ መጣች። ዶሮ አሳርዳልኛለች፤ ገንዘብም ድካምም አውጥታ። በላሁ፣ አመሰገንኩ። የአክስቴ ልጆች አድገው የራሳቸው ልጆች አሏቸው፤ እነዚያ ልጆች ለምን ለብቻዬ እንደምበላ እናታቸውን ሲጠይቁ ሰማሁ። በጉን ለምን አልበላሁም? ለመብላት አስቤ ነበር። እግዜር የሚቆጣ አይመስለኝም። እማዬ ግን ትሰማለች፤ ከሰማች ደግሞ ከእህቷ ጋር ነው የምትጣላው። አክስቴም ራሷ አትሰጠኝም። «ኋላ አሰለመቻት ይሉኛል» አለችኝ ስትስቅ። እነዚህ ሁለት ሴቶች ስንት ዓመት ሙሉ የገነቡት ሰላም አለ። እኔ በአንድ ጉርሻ ልሞክረው አልፈልግም።

አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ፋሲካ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከቤተሰቡ ጋር እፈስካለሁ። ዶሮዬን በልቼ እተኛለሁ። ምሳ ላይ አክስቴ ስትመጣ ከእሷ ጋር ምስሩ ላይ እቀመጣለሁ። አረፋ ላይ ደግሞ ዶሮ እንዳታሳርድልኝ ነግሬያታለሁ፤ ያንን ቀን ሽሮ ይበቃኛል፣ ትልቁ ትሪ ላይ። ኮምቦልቻ ረቡዕና ዓርብ በያይነት እናዛለን፣ ሁላችንም፤ እኔ ነኝ የማዘው። ሥጋ የምበላው በቀሩት ቀናት ነው፣ እሱም ኪሴ ሲፈቅድ።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምታ አልተደነቀችም። «ዶሮውን ጠግበሽ ለወጉ ነው እኔ ጋ የምትቀመጪው» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እንግዲያው ምስሩን አንቺ ሥሪው። እትዬ ጨው ታበዛለች፤ ካመማት ወዲህ ዝም ብዬ ነው የምበላላት።»

የዘንድሮውን ምስር እኔ ሠራሁት። ጨው አነሰው ተብያለሁ።